ሳጥን ሠሪውና የገጽታ ኮሚቴው

አንድ ቀን ሰንሰል ሜዳ በሚባለው ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ሙሽራ ከመኪና ልትወርድ አንድ እግሯን አወጣችና ቀና ብላ ፊት ለፊቷን ስታይ እግሯን መልሳ አስገባች። ከሠርግ አዳራሹ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አራት የሬሳ ሳጥኖች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሳቲን ለብሷል፤ ልክ እንደሷ።

ሚዜዎቹ ለመኗት። ሙሽራው «ዞር ብለሽ ግቢ» አላት። አክስቷ «ልጄ፣ ገድ ነው» ብላ ልታጽናናት ሞከረችና ምን ዓይነት ገድ እንደሆነ ስትጠየቅ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። በመጨረሻ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ በጓሮ በር፣ በኩሽናው በኩል፣ ሽንኩርት በሚልጡት ሴቶች መሃል እየተሹለከለከች ገባች። ካሜራማኑ ይህን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ቀረጸው።

ሳጥኖቹ የጋሽ ማንያዘዋል ናቸው። ጋሽ ማንያዘዋል በዚያች የቆርቆሮ ሱቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሬሳ ሳጥን የሠራ፣ ጆሮው ላይ የአናጢ እርሳስ የማይጠፋ፣ ቁመቱ አጠር፣ ምላሱ ረዘም ያለ ሰው ነው። ሥራው የሚያስለቅስ ስለሆነ ይሆናል፣ ሲያወራ ሰው ሳያስቅ አይሆንለትም። ሊያለቅስ የመጣ ሰው እንኳ እሱ ጋ ደርሶ ፈገግ ሳይል የወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሚስቱ የሺመቤት የሳጥኖቹን ገበር ትሰፋለች። ከሱቋ ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደወል በተደወለ ቁጥር ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው ያማትባሉ፤ ከዚያ እሱ ወደ መጋዙ፣ እሷ ወደ መርፌዋ።

መንገዱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ሰንሰል ሜዳ የከተማው ጫፍ በነበረ ጊዜ እዚያ መስመር ላይ ያለው ንግድ ወፍጮ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጠጅ ቤትና ጎሚስታ ነበር። አስፋልቱ ከሰፋ፣ መብራቱ ከቆመ፣ የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ከተነጠፈ ወዲህ አንድም በነበረበት የቀረ የለም። ወፍጮ ቤቱ ጂም ሆነ። ጋሽ ማንያዘዋል ጂሙ የተከፈተ ቀን በመስኮት አጮልቆ አየና «ጉድ ነው» አለ። «ድሮ እዚህ ቤት ኩንታል ለተሸከመ ይከፈለው ነበር፤ ዛሬ ብረት የሚሸከመው ራሱ ከፍሎ ነው!» ጎሚስታው ሽቶ መሸጫ ሆነ። «ያው አየር ነው የሚሸጠው» አለ ጋሽ ማንያዘዋል፤ «ሽታ ጨመሩበት እንጂ።» ሥጋ ቤቱ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ ሲሆን ከሁሉ አብልጦ ደስ አለው፤ «እዚህ ቤት የሰበርኩትን ጥርስ እዚሁ ያስተክሉኛል» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አወራ። ጠጅ ቤቱ ባንክ ሆኗል። ስለ ባንኩ የተናገረውን የሺመቤት «ይሄን እንኳ ለሰው እንዳትናገር» ብላ ስላስማለችው እኛም አንነግራችሁም።

የሠርግ አዳራሹ ባለቤት አቶ ከፍያለው ነው። ሲሚንቶ ነጋዴ ነበር። ባለ አምስት ፎቅ ከሠራ ወዲህ ግን ስለማንኛውም ነገር አዋቂ ሆኗል፤ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ አየር ጠባይ። ሰው ሲያስነጥስ መድኃኒቱን ይነግረዋል። መንገዱ መልሶ ሊለማ ነው ተብሎ ነጋዴዎቹ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ሲጠየቁ «የመንገድ ገጽታ ኮሚቴ» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ፣ ሰብሳቢ ይመረጥ ሲባል እጁን መጀመሪያ ያወጣው እሱ፣ የተመረጠውም እሱ ነው።

ሙሽራዋ በጓሮ በገባች ማግስት አቶ ከፍያለው አስፋልቱን ተሻግሮ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«ማንያዘዋል፣ እነዚህን ነገሮች ወደ ውስጥ አታስገባቸውም?»

«የቶቹን ነገሮች?»

«እነዚህን… ሳጥኖችህን። እንግዶቼ እየተረበሹ ነው።»

«እነሱ ከገቡ እኔ ነኝ ውጭ የማድረው፣ አቶ ከፍያለው። ሱቋ የምትይዘው ሁለት የቆመና አንድ የተኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሥራ አትቀይርም? አንተ እኮ አናጢ ነህ! ጥሩ ጥሩ ቁም ሳጥን ሥራ።»

«አሁንስ ምን እየሠራሁ ነው? እኔም የምሠራው ሳጥን ነው። ቁም ሳጥኑ ቆሞ፣ የኔ ተኝቶ ነው እንጂ።»

አቶ ከፍያለው ትዕግሥቱን ሰብስቦ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ጣቶቹን እየቆጠረ ጀመረ። «ስማኝ። ንግድ ማለት ገበያ ማጥናት ነው። ጂሙን አየኸው? ክሊኒኩን አየኸው? የጁስ ቤቱን አየኸው? ሰው በዚህ ዘመን መኖር ነው የሚፈልገው!»

«ታዲያ እኔ መች ከለከልኩ? ይኑር» አለ ጋሽ ማንያዘዋል መጋዙን እየሳለ። «ሲጨርስ ይመጣል።»

የአቶ ከፍያለው ፊት ቀላ። ሁለት ሰዎች ከጂሙ ወጥተው ቆመው እየሰሙ ነበር፤ አንደኛው ፎጣውን አፉ ላይ አደረገ።

«አንተ ሰውዬ ትቀልዳለህ? በኔ ላይ? ቆይ፣ ልክህን ባላሳይህ!»

ጋሽ ማንያዘዋል እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። አቶ ከፍያለውን ከጫማው ጫፍ እስከ ባርኔጣው ቀስ ብሎ አየውና አንዲት ጣውላ ላይ ጫር አደረገ።

«የእርስዎን እኔ ይዣለሁ» አለ። «አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።»

አቶ ከፍያለው ያን ቀን አስፋልቱን ሲሻገር መኪና እንኳ አላየም። መንገዱ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ የሺመቤት።

«ምናለ ይቺን አንዲት ቀን እንኳ ብትውጣት?» አለችው ከውስጥ፣ መርፌዋን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ። «ሰውየው ኮሚቴ ነው። ወረዳ ይገባል፣ ይወጣል። አንተ ስትናገር ሱቁ የሚፈርሰው በኔ ነው።»

«እሱ ነው የጀመረው።»

«እሱ ፎቅ አለው። እኛ ያለን ይቺው ናት።»

ጋሽ ማንያዘዋል መላጊያውን አነሳ። መልስ ሲያጣ ጣውላ ይልጋል። እስከ ምሳ ሰዓት አንዲቷን ጣውላ ሲልግ ሲልግ እንደ ወረቀት አሳሳትና ጣላት።

እውነትም ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። የመንገዱ ነጋዴዎች በሙሉ ማክሰኞ ከቀትር በፊት በሠርግ አዳራሹ እንዲገኙ፤ አጀንዳ፦ ከመንገዱ አዲስ ገጽታ ጋር የማይሄዱ ንግዶች። «ንግዶች» ይላል እንጂ ስለ ማን እንደሚያወራ ያልገባው አልነበረም።

ጋሽ ማንያዘዋል የክት ኮቱን ለብሶ ሄደ። የሺመቤት አብራው ሄደች፤ «አፍህን ልጠብቅ ነው» ብላ። አዳራሹ ውስጥ የእሁዱ ሠርግ ማስጌጫ ገና አልወረደም ነበር፤ ወንበሮቹ በሙሉ ነጭ ለብሰው ከኋላቸው ወርቅማ ሪባን ታስሮላቸዋል። ጋሽ ማንያዘዋል አንዱ ላይ ተቀመጠና ዳሰስ አድርጎት ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ።

«ሳቲኑ ከኛው ነጋዴ የተገዛ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«ዝም በል!»

ከመድረኩ ላይ፣ የሙሽሮቹ ወንበር ላይ፣ አቶ ከፍያለው ተቀምጧል። ከጎኑ ከመልሶ ማልማቱ ቢሮ የመጣች ወይዘሪት ኤፍራታ የምትባል ወጣት ባለሙያ ማኅደር ታቅፋ ተቀምጣለች። ተነስታ አሠራሩን በትሕትና አስረዳች። ከመንገዱ ፕላን ጋር የሚሄድ ንግድ ፊቱን አሳምሮ ባለበት ይቆያል። አይሄድም የተባለው ንግድ ባለቤት ደግሞ ቅጽ ተሞልቶለት፣ ነጋዴዎቹ በእጅ ድምፅ ከሰጡ በኋላ የልማት ተነሺ ሆኖ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል።

«ምትኩ የት ነው፣ ልጄ?» ሲል ጋሽ ማንያዘዋል ጠየቀ።

«ከወንዙ ማዶ ነው አባባ፣ ጭንጫ በር የሚባለው።»

«ሰው ይኖርበታል?»

«ገና ነው። ወደፊት ሰፈራ ይጀመርበታል ተብሎ ይታሰባል።»

«ሰው ካልኖረበት ታዲያ ማን ሊሞትልኝ ነው?»

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። የሺመቤት ጉልበቱን ቆነጠጠችው። አቶ ከፍያለው ግን አልተናደደም፤ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። በእጁ ምልክት ሲሰጥ ሠርግ የሚታይበት ትልቁ ስክሪን በራ። ሙሽራዋ እግሯን ስታወጣ፣ ቀና ስትል፣ እግሯን ስትመልስ። ከዚያ ሳጥኖቹ ብቻ፣ ስክሪኑን ሞልተው። ከዚያ ሙሽራዋ በሽንኩርት መሃል።

«አያችሁ?» አለ አቶ ከፍያለው። «ይህ ቪዲዮ አገር ዞሯል። በዚህ ሳምንት ሁለት ሠርግ ተሰርዞብኛል። የኔ ጉዳት የኔ ብቻ አይምሰላችሁ። ሠርግ ከሌለ ሙሽራ የሚያሠማምረው ሳሎን ማንን ሊሠራ ነው? ጁስ ቤቱ ለማን ሊጨምቅ ነው? ሽቶውን ማን ይገዛል?»

የሳሎኗ ባለቤት አንገቷን ደፋች። የጁስ ቤቱ ሰው ጣቱን ማየት ጀመረ። እውነት ነበር፤ የሁሉም እንጀራ ከሠርጉ ጋር ተያይዟል። ጋሽ ማንያዘዋልም እውነት መሆኑ ገባው። ሙሽራዋንም ስክሪኑ ላይ ሲያያት አሳዘነችው፤ ልጅ ናት።

ተነስቶ ቆመ። «ልጅቷን አስደንግጫታለሁ፤ ይቅርታ» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «በሠርግ ቀን ከሳጥኖቹ ፊት መጋረጃ ልዘርጋ። የሺ ትሰፋዋለች። እኔ ግን ከዚህ ሩቅ ልሂድ አትበሉኝ። ሰው ሲሞትበት ታክሲ ፈልጎ ወንዝ አይሻገርም።»

«መጋረጃ ለበሰ፣ አልለበሰ፣ ሬሳ ሳጥን ሬሳ ሳጥን ነው!» አለ አቶ ከፍያለው። «ደግሞስ እዚህ ያለነው ሁላችንም ቋሚ ደንበኛ ያለን ነጋዴዎች ነን። አንተ ቋሚ ደንበኛ አለህ?»

«ቋሚማ ከየት አመጣለሁ?» አለ ጋሽ ማንያዘዋል። «የኔዎቹ ሁሉም የተኙ ናቸው።»

ሳቁ ጀመረ ሲባል ግን ወዲያው በረደ። ሰዎቹ አቶ ከፍያለውን አይተው ሳቃቸውን ዋጡት። ጋሽ ማንያዘዋል ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ተናግሮ ሰው ሳቁን ዋጠበት። ዙሪያውን ሲያይ ያንዳንዱን ሰው ቤት ያውቀዋል። የሳሎኗ ባለቤት እህቷ የሞተች ጊዜ በዝናብ እየተንዘፈዘፈች መጥታ ከሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ እስክትረጋጋ የሺመቤት ነጠላዋን አልብሳት ነበር። የጁስ ቤቱን ሰው አባት ልኬት ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የወሰደው፤ ልጅየው መግባት ፈርቶ ደጅ ቆሞ ነበር። ይህን አንድ በአንድ ቢያወራ ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል። ነገር ግን የሙታንን ስም ጠርቶ ሱቅ ማዳን አሳፈረው። የሺመቤትም ዝምታው ከቀልዱ ይልቅ አስፈራት፤ እጁን ያዘችው።

«በቃ፣ እንግዲህ ነገሩ አለቀ» አለ አቶ ከፍያለው እጁን እያሻሸ። «ማንያዘዋል ተነሺ ነው። ይጻፍልን።»

«ድምፁ ይቀድማል፣ ከድምፁ ደግሞ ቅጹ ይቀድማል» አለች ወይዘሪት ኤፍራታ። ማኅደሯን ከፍታ ብዕሯን አወጣች። «አባባ፣ ሙሉ ስም?»

«ማንያዘዋል ወንድይፍራው።»

«የሥራ ዓይነት?»

«ሸኚ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ «የሬሳ ሳጥን ሥራ» ብላ ጻፈች።

«በቦታው ላይ የቆዩበት ዘመን?»

«ሃያ ስድስት ዓመት።»

«የሚነሱበት ቀን?»

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ብለሽ ጻፊ» አለ አቶ ከፍያለው ጣልቃ ገብቶ።

«ይቅርታ፣ ቀኑን የሚናገሩት ተነሺው ራሳቸው ናቸው» አለች ልጅቷ። ወደ ጋሽ ማንያዘዋል ዞር ብላ ደገመችለት። «አባባ፣ የሚነሱት መቼ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የሺመቤት እጁን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች፤ ዝም በል ለማለት ይሁን ተናገር ለማለት እሷም አታውቅም። ጋሽ ማንያዘዋል ቀስ ብሎ ከነጩ ወንበር ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ።

«ልጄ» አለ ረጋ ብሎ፣ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያች ሱቅ ሰው ስሸኝ አንድም ተነሺ አይቼ አላውቅም። ከኔ ቤት የወጣ ሰው ሁሉ የሚነሳው በምጽአት ቀን ነው። እኔንም ከነሱ ጋር መዝግቢኝ!»

መጀመሪያ ከኋላ የጂሙ ባለቤት ፈነዳ፤ ያ ሁሉ ጡንቻ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ከሱ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። የሳሎኗ ባለቤት ኩሏ በእንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። የጥርስ ሐኪሙ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲስቅ ሰው ሁሉ የሐኪሙን የራሱን ጥርስ አየ። ወይዘሪት ኤፍራታ ቁም ነገረኛ ልጅ ናትና ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ ልትጽፍ ሞከረች፤ «በም…» ከሚለው አላለፈችም፣ ማኅደሩን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። የሺመቤት እንኳ፣ የሱን ቀልድ ሃያ ስድስት ዓመት የጠገበችው ሴትዮ፣ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም።

«ሥርዓት! ሥርዓት ይከበር!» ይጮሃል አቶ ከፍያለው ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ይህ ስብሰባ ነው! ድምፅ እንሰጣለን! ማንያዘዋል ይነሳ የምትሉ…»

«ይነሳ» ሲል የሰከነው ሳቅ እንደገና ተነሳ። ቃሉን መቀየር ፈልጎ «ከቦታው ይልቀቅ…» ብሎ ጀመረና ከሕዝቡ መሃል አንዱ «ነፍሱን ይማር!» ሲል ጨረሰለት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው አልተገኘም። አቶ ከፍያለው ላቡን ጠርጎ፣ የመጨረሻ ድምፁን ሰብስቦ፣ «ይነሳ የምትሉ እጅ አንሱ!» ብሎ ጮኸ፤ ለምሳሌ ይሆን ዘንድም የራሱን እጅ ወደ ላይ ዘረጋ።

የጂሙ ሰውዬ ሆዱን ይዟል። የሳሎኗ ባለቤት በሁለት እጇ ፊቷን ትጠርጋለች። የጁስ ቤቱ ሰው አቶ ከፍያለውን አየ፣ ጋሽ ማንያዘዋልን አየ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ታፋው ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው። አቶ ከፍያለው ግራ ቀኙን ቢያይ በአዳራሹ ውስጥ የተሰቀለችው እጅ የሱው ብቻ ናት። ትንሽ አቆያትና ባርኔጣውን አስተካከለባት።

ወይዘሪት ኤፍራታ ዓይኗን ጠረገች፤ በሠርግ ቀን መጋረጃ ይዘርጋ የሚለውን መዘገበች፤ ከዚያ ከቅጹ ግርጌ በጥንቃቄ «ተነሺ የለም» ብላ ጻፈችና ማኅደሯን ዘጋች።